ሶፕን ከመጣልህ በፊት ኮኦርዲኔቶቹን እያቸው

ሰላም ወንድሜ። «የወረዳውን የይዞታ ካርታ በሶፕ ስንጠራው ደቂቃዎች ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሚሞሪ ሞላ ብሎ ይቆማል። ወደ ሬስት ብንቀይረው ይፈጥናል?» ብለሃል። (ሶፕና ሬስት ፕሮግራሞች በኔትወርክ መረጃ የሚለዋወጡባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው።) በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ እንዳየሁት ሶፕ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው። ሶፕ መልእክቱን የሚጠቀልልበት ኤንቨሎፕ የሚጨምረው ጥቂት መቶ ፊደል ነው። የሚላከው ብዙ ሜጋባይት ከሆነ ይሄ ከቁጥር አይገባም። ያንኑ ጂኤምኤል (ካርታው በኤክስኤምኤል ጽሑፍ የሚቀመጥበት ፎርማት) በሬስት ብትልከው ያው ይንቀራፈፍብሃል።

ክብደቱ ያለው ኮኦርዲኔቶቹ (የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ የሚያሳዩት ቁጥሮች) ላይ ነው። የመጣልህን ፋይል ክፈትና የአንዱን ይዞታ አንድ ጥግ ተመልከት። 38.763611111111114 9.005401111111112 ዓይነት ነገር ታገኛለህ። መሃል ያለውን ክፍተት ጨምሮ 36 ፊደል፣ ለአንድ ነጥብ ብቻ! በዲግሪ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ማለት መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 15ኛውን አሃዝ የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ የለም። ካርታው ለእይታ ብቻ ከሆነ 6 ላይ ቁረጠው፤ ነጥቡ ወደ 18 ፊደል ይወርዳል። ለይዞታ ማረጋገጫ ከሆነ ግን 11 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው። እሱን ቦታን በሜትር በሚገልጸው የዩቲኤም ሥርዓት፣ ከነጥብ በኋላ 2 አሃዝ አድርገህ ላከው። ጂኦሰርቨር (ካርታ የሚያቀርብ ሶፍትዌር) ላይ የአሃዙን ብዛት ከሴቲንግ መወሰን ይቻላል።

ቀጥሎ ጂዚፕ (መጨመቂያ) አብራ። ጂኤምኤል አንድ ዓይነት ታግ እየደጋገመ ስለሚጽፍ በደንብ ይጨመቃል። ግን ልብ በል፤ ጂዚፕ ኔትወርኩን እንጂ ሚሞሪውን አያቀልልህም። ፋይሉ እንደደረሰ ይፈታል። ተቀባዩ ፕሮግራም ዶም በሚባለው ዘዴ የሚያነብ ከሆነ ሙሉውን ሚሞሪ ላይ ይዘረጋዋል፤ ያ «ሚሞሪ ሞላ» የሚልህም ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሳክስ ወይም ስታክስ በሚባሉት ዘዴዎች ቁራጭ በቁራጭ ይነበብ። ደብሊውኤፍኤስ 2.0 (የካርታ ዳታ በኔትወርክ የሚጠራበት ስታንዳርድ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በገጽ በገጽ ከፋፍለህ ጥራ። ስትከፋፍል በይዞታ መለያ ቁጥር አስደርድረው። ካልተደረደረ አንዱ ይዞታ ሁለት ጊዜ ሊመጣ፣ ሌላው ጭራሽ ሊዘለል ይችላል። ይሄ ከመንቀራፈፍ የባሰ ነው፤ የሰው መሬት ነው የሚጠፋው።

የአየር ፎቶ በሶፕ ውስጥ የምትልኩ ከሆነ ሶፕ ላይ የሚነካ ነገር አለ። ምስሉን ወደ ፊደል የሚቀይረው ቤዝ64 3ቱን ባይት 4 ያደርገዋል። ኤምቶም የሚባለው የሶፕ ዘዴ ግን ምስሉን በባይነሪው እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ከ2005 ጀምሮ የዌብ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው የደብሊው3ሲ ስታንዳርድ ነው።

ይሄን ሁሉ ከመንካትህ በፊት ግን ሰዓቱ የት እንደሚያልቅ ለካ። የመጀመሪያው ባይት እስኪመጣ ብዙ የሚያስጠብቅህ ከሆነ ዳታቤዙን እይ። ሠንጠረዡ ላይ ስፓሻል ኢንዴክስ (ቦታን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ከሌለ፣ ሶፕም ሆነ ሬስት ለውጥ አያመጣልህም።