የሚቆራረጥ የቤት ኢንተርኔት፦ ጥያቄና መልስ ከሰሜን ሸዋ ተጠቃሚዎች ጋር

መላሽ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉልኝ። መስመራችሁ የመዳብ ስልክ ነው፣ ፋይበር ነው ወይስ በሲም የሚሠራ ራውተር? ሲቋረጥ የትኛው መብራት ይጠፋል ወይም ይቀላል? የሚቋረጠውስ መቼ ነው? ይህን ሳታውቁ እጃችሁን ወደ ሪሴት አትስደዱ። በቀጭኗ ቀዳዳ ውስጥ ያለችው ሪሴት ዩዘርኔምና ፓስወርዳችሁን ትሰርዛለች፤ ሲቆራረጥ የነበረው ጭራሹን ይጠፋል። ማጥፋትና ማብራት ሌላ ነው፣ ሪሴት ሌላ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ሦስቱን ጻፍ።

ከደብረ ብርሃን፣ ሌላ ጠያቂ፦ በስልክ መስመር ነው። ዝናብ ሲጥል ይቋረጣል፤ ካባራም በኋላ አንድ ሁለት ቀን አይረጋም። የዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት) መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሞደም ልቀይር?

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሞደም አትቀይር፤ ገንዘብህን ትጥላለህ። ዝናብ የሚያበላሸው መገጣጠሚያ ነው።

መጀመሪያ መደበኛ ስልክህን አንሳና አንድ ቁጥር ብቻ ተጫን። የመደወያው ድምፅ ሲቆም አዳምጥ። ጤነኛ መስመር ጭር ይላል። ከተንሿሿ ወይም ከተንጣጣ ውሃ ወይም ዝገት የገባበት ቦታ አለ። ከዚያ ከምሰሶው የመጣውን ሽቦ በዓይንህ ተከተል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ በእጅ ተጠማዝዞ በፌስታል የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ነው። ፌስታል ውሃን አይከለክልም፤ የገባውን ይዞ ያቆየዋል እንጂ። ስትፈታው መዳቡ ጠቁሯል፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል። አትፋቀው፣ ቁረጠው። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኝ ወደ ኋላ እየቆረጥህ ሂድ። ከዚያ ውስጡ ቅባት ባለው የስልክ ሽቦ ማያያዣ፣ ፕላስቲኩን ሳትልጥ ሽቦውን እስከ መጨረሻው አስገብተህ በፒንሳ ተጫነው። ማያያዣው ራሱ ፕላስቲኩን በስቶ መዳቡን ይይዛል፤ ቅባቱ እርጥበት ያስቀራል።

ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙት በከንቱ አይደለም። ከሬዲዮና ከመብራት ኃይል መስመር የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው ያ መጠማዘዝ ነው። ስለዚህ በምትቀጥልበት ቦታ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲሜትር በላይ አትፍታቸው። በመሃል የስፒከር ሽቦ ወይም የአምፖል ገመድ አትቀጥል። ገመዱ ሁለት ጥንድ ካለው ሁለቱንም ሽቦ ከአንዱ ጥንድ ውሰድ፤ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ከወሰድህ ስልኩ ይደውላል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይረጋም። ገመዱ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይመለስ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ይህን የምትሠራው በደረቅ ቀን ነው። መስመሩ 48 ቮልት ገደማ ይሸከማል፤ ስልኩ ሲጠራ ወደ 90 ቮልት ይደርሳል፣ ይነዝራል። ምሰሶ ላይ አትውጣ። ከምሰሶው ወዲያ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው፤ 994 ደውለህ አስመዝግብ።

ከዓለም ከተማ፦ ኢንተርኔቱ የሚጠፋው ስልክ ሲደወል ብቻ ነው።

መላሽ፦ ማጣሪያ የሌለው ስልክ ቤት ውስጥ አለ። መስመሩ ግድግዳው ላይ እንደደረሰ ስፕሊተር (ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለይ ማጣሪያ) ግጠም፤ አንዱ አፍ ለሞደሙ፣ አንዱ ለስልኩ። መኝታ ቤት ወይም ሱቅ የተዘረጋ ሁለተኛ ስልክ ካለም ለብቻው ማጣሪያ ይፈልጋል። ስልኮቹን በሙሉ ነቅለህ ሞደሙን ብቻውን ሞክር፤ ከረጋ ጥፋቱ እዚያ ነው። ስልኮቹ ተነቅለውም ሲደወል ከጠፋ ግን የዛገ መገጣጠሚያ ነው፤ ከላይ የጻፍሁትን አንብብ።

ከደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛው ጠያቂ፦ ቀጥዬዋለሁ፤ ድምፁ ጠርቷል። መስተካከሉን በቁጥር የማይበት አለ?

መላሽ፦ አለ። በብዙ ሞደሞች ላይ በብራውዘር 192.168.1.1 ስትጽፍ ገጹ ይከፈታል፤ ካልሆነ አድራሻው ከሞደሙ ሥር ተለጥፏል። የዲኤስኤል ስታተስ የሚለውን ክፈት። ምልክቱ ረብሻን ለመቋቋም ያለው ትርፍ፣ ኤስኤንአር ማርጂን የሚባለው፣ ከ6 ዲቢ በታች ከሆነ መስመሩ በትንሽ ረብሻ ይወድቃል፤ ከ10 በላይ ከሆነ ደህና ነው። አቴኑዌሽን ደግሞ መስመሩ በርቀቱ ያጣውን ኃይል ያሳያል፤ 30 ጥሩ ነው፣ ከ60 በላይ ከሆነ እንዲረጋ አትጠብቅ። ርቀትህ ብዙ ከሆነ ፍጥነት አታስጨምር፤ አስቀንስ። ፍጥነቱ ሲወርድ ማርጂኑ ይወጣል፣ መቆራረጡም ይቀራል። ሰው ሁሉ ግን ሲቆራረጥበት ሮጦ ትልቅ ፓኬጅ ይገዛል፤ በረጅም የመዳብ መስመር ላይ ይህ ጉዳት ነው።

ከአንኮበር፦ የትኛው ፓኬጅ ያዋጣል?

መላሽ፦ እሱን እኔን አትጠይቁኝ።

ከመሐል ሜዳ፦ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይጠፋል፤ መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው እንደገና ይበራሉ። ፋይበር ነው፣ ስታቢላይዘር አለው።

ከጫጫ፦ ፋይበር ከሆነ እንኳን ጥሩ ነው፣ መብረቅ አይነካውም። ጋሼ ሰማይ ሲያጉረመርም ሁሌ ንቀሉ የሚሉት ለመዳብ ነው።

ከእነዋሪ፦ ማን አለ? መሣሪያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ አይደል? በሶኬቱ ይገባል።

ከጫጫ፦ ስታቢላይዘር ካለ አይገባም።

ከእነዋሪ፦ ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብረቅ አያቆምም።

ከመሐል ሜዳ፦ ኧረ የኔ ጥያቄ ስለ መብረቅ አይደለም!

መላሽ፦ መብረቁን እንዝጋው። ፋይበር መስታወት ነው፣ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ከምሰሶ የሚመጣው የፋይበር ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ሽቦ ተሸካሚ አለው። ያ ብረት ውጭ መንጠቆው ላይ ታስሮ ይቅር፣ ቤት አይግባ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁሉንም ንቀሉ፤ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም መስመር፣ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደውንም ገመድ። ሶኬት ብቻ ነቅሎ የስልክ መስመሩን የተወ ሰው ሞደሙን አላዳነም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህን አትርሱ።

ወደ መሐል ሜዳ። መብራቶቹ በሙሉ ከጠፉ ጉዳዩ ኃይል እንጂ መስመር አይደለም። ይህን የምትለይበት መንገድ ይኸውልህ፤ ሌሎቻችሁም ያዙት። በስታተስ ገጹ ላይ ሁለት ሰዓት ቆጣሪዎች ታገኛላችሁ፤ አንዱ መሣሪያው ከበራ ወዲህ ያለው ጊዜ፣ ሌላው መስመሩ ከተገናኘ ወዲህ ያለው። ከተቋረጠ በኋላ ወዲያው እዩአቸው። ሁለቱም ጥቂት ደቂቃ ካሉ መሣሪያው ራሱ ጠፍቶ ነበር፤ ሶኬት፣ አዳፕተር ወይም ሙቀት ነው። መሣሪያው ብዙ ቀን፣ መስመሩ ጥቂት ደቂቃ ካለ ጥፋቱ ከመሣሪያው ውጭ፣ መስመሩ ላይ ነው። ሁለቱም ብዙ ቀን ካሉና እናንተ ግን ተቋርጦብን ነበር ካላችሁ ብዙ ጊዜ የወደቀው ዋይፋዩ ነው።

ያንተ ሰዓት እንጀራ የሚጋገርበት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ የሰፈሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ስታቢላይዘሩ ቀጭ እያለ ይቀያይራል፣ በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ይቋረጣል። የራውተሩ አዳፕተር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። እንደዚያ ከሆነ ስታቢላይዘሩን አልፈህ በቀጥታ ሰካው። ካልረጋ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባለባትሪ ማቆያ ግዛ፤ ቮልቱ ከአዳፕተሩ ጋር እኩል ይሁን።

ከሸዋ ሮቢት፦ የኔ በቀትር ነው የሚጠፋው። ራውተሩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው፣ ዳንቴል አልብሰነዋል።

መላሽ፦ ዳንቴሉን አንሺው፣ እህቴ። ብዙዎቹ ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ሸዋ ሮቢት በቀትር፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ተሸፍኖ ሊችለው አይችልም። ከቴሌቪዥኑ አርቀሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ካልተሻለው አዳፕተሩን በቴስተር አስለኪ፤ 12 ቮልት የሚለው ራውተሩ እየሠራ ከ11 በታች ከወረደ ደክሟል።

ከደብረ ብርሃን፦ ኢንተርኔቴ እስካሁን ይቆራረጣል።

መላሽ፦ ሁለተኛ ጊዜህ ነው። መብራቱን ሳትነግረኝ አልመልስም።

ከደብረ ሲና፦ በሲም የሚሠራ ራውተር ነው። ጉም ሲወርድ ይብሳል፤ ጉሙ ነው?

መላሽ፦ አይደለም። አራተኛው ትውልድ (4ጂ) በሚሠራበት ሞገድ ላይ ጉም የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። የናንተ ችግር ገደሉ ነው፤ ተራራው ማማውን ይጋርዳል፣ ራውተሩም በሁለት ደካማ ማማዎች መካከል ይዋልላል። በራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ የሚለውን፣ የማማውን ምልክት ጥንካሬ፣ እይ፤ ከ-90 የተሻለ (ወደ ዜሮ የቀረበ) ከሆነ ጥሩ ነው፣ -110 ከደረሰ ይቋረጣል። ራውተሩን ከመስኮት መስኮት እያዞርህ ቁጥሩን መዝግብ፤ ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቀው።

ከደብረ ብርሃን፣ ሦስተኛ ጠያቂ፦ ፋይበር ነው። ሎስ የሚለው (ብርሃኑ አልደረሰም የሚል) መብራት ይቀላል፤ መስኮት ስንዘጋ ይብሳል።

መላሽ፦ መስኮቱ ገመዱን እየጨፈለቀው ነው። ፋይበር ከቡና ሲኒ አፍ ጠበብ ብሎ ከተጠመዘዘ ብርሃኑ ያፈሳል። በራሱ ቀዳዳ በኩል አስገባው። በገጹ ላይ የሚቀበለው ብርሃን ከ-27 ዲቢኤም በታች ከወረደ ይቋረጣል። አረንጓዴውን ጫፍ ከሰማያዊ ጋር አታጋጥም፤ ጫፉ የተቆረጠበት ማዕዘን ይለያያል። ብርሃን አለው ወይ ብለህ ወደ ጫፉ አትመልከት፤ ለዓይን አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል።

ከእነዋሪ፦ ጎረቤት ዋይፋዬን ይጠቀማል መሰለኝ።

መላሽ፦ ፓስወርድ ቀይር፣ ደብልዩፒኤስን (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ የሚያገናኘውን) አጥፋ።

ከደብረ ብርሃን፦ እሺ ጋሼ፣ የመብራቱ ስም ዲኤስኤል ነው፤ አይጠፋም። ስልኬ ላይ ብቻ ነው የሚቋረጠው፣ ጓዳ ስገባ።

መላሽ፦ ታዲያ ዋይፋይህ ነው። ራውተሩን ከጓዳው ግድግዳ አጠገብ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፣ የዋይፋዩን ቻናል (የሚሠራበትን የሞገድ ቁጥር) ከ1፣ 6 እና 11 መካከል ጎረቤቶችህ ባልበዙበት ላይ አድርገው። ሪሴት እንዳትነካ።