አሻንጉሊት ነው፣ አይደለም

ሙቀቱ ሲበረታ ደብዳቤውም ይበዛል። በዚህ ወር ስለ አሻንጉሊትና ስለ ፊገር ስብስብ የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ሙቀት፣ ግማሾቹ ስለ ገንዘብ ናቸው፤ አንዷ ግን ስለ እንግዳ ናት። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

*«ልጄ መሐንዲስ ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ደመወዝ በወጣ ቁጥር አሻንጉሊት ይዞ ይገባል። እኩዮቹ ልጅ ታቅፈዋል። ልጨነቅ ወይስ ልተወው?» (አንዲት እናት፣ ከፖስታ ቤት አካባቢ)*

እናቴ፣ መጀመሪያ የስሙን ነገር እንጨርስ። እርስዎ «አሻንጉሊት» ሲሉት ልጅዎ «ፊገር ነው!» ብሎ ፊቱን እንደሚያጠቁር አልጠራጠርም። ጠቡ ግን በእርስዎ ቤት የተጀመረ አይደለም። ባርቢ በ1959 ወጥታ ገበያውን ከያዘች በኋላ፣ ሀዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 ጂ.አይ. ጆ የሚባል ወታደር ሠራ። ቁመቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ልብሱ የሚወልቅ፣ ክንዱና ጉልበቱ የሚታጠፍ ነው። ኩባንያውን አንድ ነገር አስፈራው፤ ለወንድ ልጅ አሻንጉሊት ማን ይገዛል? ስለዚህ «አክሽን ፊገር» የሚል ስም አወጣለትና ቸበቸበው። እኔም ቤቴ ውስጥ አሻንጉሊት፣ ሰው ፊት ፊገር ነው የምለው።

ቁም ነገሩ ገንዘቡ ነው። ዕቁቡን በጊዜው ይጥላል? ለቤት የሚሰጠውን ይሰጣል? ከሰጠ የቀረው የራሱ ነው። እኩዮቹ ድራፍት ቤት የሚጥሉትን ቢደምሩት መደርደሪያው ላይ ካለው ይበልጥ እንደሆን እንጂ አያንስም። አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ከደረደራቸው አንዱን አንስተው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይበሉት። ብቻ ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ከአቦል እስከ በረካ ይወስዳል። የጋብቻውን ጉዳይ ከበረካ በኋላ ያንሱት።

*«ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩት ፊገር ሳወጣው እጄ ላይ ተጣበቀ። ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ፎርጂድ ስለሆነ ነው?»*

አይደለም፣ ኦሪጅናሉም ያደርገዋል። ፊገሩ የሚሠራበት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ብቻውን ግትር ስለሆነ እንዲለዝብ ማለስለሻ ይጨመርበታል። ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር የተጋባ አይደለም፣ አብሮት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ሙቀት ሲመጣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሳጥኑ ከተዘጋ ደግሞ መሄጃ ያጣና ቆዳው ላይ ይቀመጣል። አዳማ ውስጥ በዚያ ላይ አቧራው ይጨመራል። ነፋሳችንን ማማት አልፈልግም፣ እነዚያን ትልልቅ ተርባይኖች የሚያዞር ነውና፤ ግን የሚጣበቅ ነገር ካገኘ ቀይ ልብስ የለበሰውን ጀግና በሳምንት ቡናማ ያደርገዋል።

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለህ እጠበው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ብረት ያለው አለና ውሃ እንዳይቀርበት አራግፈው። ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶን የሚባል ነገር እንዳታስነካው፣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ከዓመት በኋላ መልሶ ሊጣበቅ ይችላል፤ መልሰህ ታጥባለህ። ሳጥኑንም አልፎ አልፎ ከፍተህ አናፍሰው።

ስለ ቦታውም ላንሳ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትኖር ከሆነ ከኮርኒሱ ሥር ያለው መደርደሪያ ምድጃ ነው፤ ዝቅ አድርጋቸው። መስኮት ፊት ለፊትም አይሁን፤ ፀሐይ ነጩን ቢጫ ታደርገዋለች፣ ቀዩን ታገረጣዋለች፣ የገረጣ ቀለም ደግሞ አይመለስም። በሙቀት ብዛት እግሩ ተጣሞ የሚያጎነብስ ካለ፣ ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክረህ በእጅህ አቃናውና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው፤ በቀናበት ይጸናል። መገጣጠሚያው ላልቶ አልቆም ካለ ደግሞ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ቀብተህ፣ እያንቀሳቀስክ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። የእህትህን ኩቴክስ ስታስፈቅድ ምክንያቱን ባትነግራት ይሻላል።

*«ኦሪጅናል ነው ተብዬ የድራጎን ቦል ካርቱኑን ጀግና ጎኩን ገዛሁ። ጓደኛዬ አይቶ ሳቀ። በምን ለይቶት ነው?»*

ዐይኑን አይቶ ይሆናል። ኦሪጅናሉ ላይ ዐይን በጥንቃቄ የታተመ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ቦታ ያያሉ፤ ፎርጂዱ ላይ አንዱ ወደ ወንጂ አንዱ ወደ ሞጆ ያያል። ቀጥሎ የቀለሙን ጠርዝ እይ፤ ቀበቶው ልብሱ ላይ ፈሷል? ከዚያ ገልብጠው። ከእግሩ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የባለመብቱ ስም በደቂቅ ፊደል ተቀርጾ መገኘት አለበት። አፍንጫህንም ተጠቀም፤ ብዙ ፎርጂድ ሲከፈት እንደ አዲስ ነጠላ ጫማ ይሸታል። «ሜድ ኢን ቻይና» ማለቱ ግን ምንም አያስረዳም፤ ኦሪጅናሎቹም በብዛት የሚመረቱት ቻይናና ቬትናም ነው።

መደርደሪያዬ ላይ ሰማያዊ መሆን የማይገባው ሰማያዊ ጀግና አለ፤ ከሱቅ በደረቴ ነው የገዛሁት፣ አልሸጠውም። ፎርጂድን የምጠላው ለሕፃን ሲሰጥ ብቻ ነው። ቀለሙን ማንም አልመረመረውም፣ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል።

*«ሳጥኑን ሳልከፍት ባስቀምጠው ከሃያ ዓመት በኋላ መሬት ይገዛልኛል?»*

አይገዛልህም። የዚህ ተስፋ ምንጭ አንድ ታሪክ ነው፣ ልንገርህ። ስታር ዋርስ የተባለው የጠፈር ፊልም በ1977 ሲወጣ አሻንጉሊቱን የሚሠራው ኬነር አልተዘጋጀም ነበር። የገና በዓል ደረሰ፣ ዕቃ የለም። ምን አደረገ? ውስጡ ፊገር የሌለበት የካርቶን እሽግ ሸጠ! እሽጉ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሞልቶ የላከ ሰው በ1978 አራት ፊገሮች በፖስታ ደረሱት። አብዛኞቹ አሥር ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ዛሬ እነዚያ ዋጋቸው ሰማይ የነካው ለምንድን ነው? ልጆቹ ከፍተው ስለተጫወቱባቸው ነው፤ ሰብረዋቸዋል፣ አሸዋ ውስጥ ቀብረዋቸዋል፣ ውሻ በልቷቸዋል። ሳይነካ የተረፈው ጥቂት ነው።

ይህን ያየ ትውልድ በ1995 ስታር ዋርስ እንደገና ፊገር ሲያወጣ እየገዛ ሳጥኑን ሳይከፍት ከመረው። ሁሉም ከመረ። ሁሉም ያለው ነገር ለማን ይሸጣል? እስከ ዛሬ እነዚያ እሽጎች በርካሽ የሚገኙ ናቸው። ክፈተው ወንድሜ። ቁጠባ ከፈለግህ ዕቁብ ግባ።

*«ፊልሙን ሳላየው ጓደኞቼ ታሪኩን ይነግሩኛል።»*

ቶሎ እይ፣ ወይም ጓደኛ ቀይር።

*«አሥረኛ ክፍል ነኝ። የምወዳቸው ሁሉ የጃፓንና የአሜሪካ ናቸው። የኛ ጀግና የለም? ካለስ ፊገሩን ከየት ላግኝ?»*

አለ እንጂ። «ጀምበር» የተባለውን የኢታን ኮሚክስ ልዕለ ኃያል ፈልጊው፤ የሥዕል መጽሐፉ በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል፣ ታሪኩም እዚሁ አገር ነው። ፊገሩን ግን ሥሪው እልሻለሁ። የጭቃ በሬና የሽቦ መኪና ሠርቶ ያደገ አገር ልጅ ይህ አያቅተውም። ከሽቦ አጽሙን አጣጥፊ፣ በአሉሚኒየም ፎይል ሥጋውን ሙዪ፣ ከላዩ ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የሚገኘውን፣ ሁለት ክፍሉ ተለውሶ የሚደርቀውን ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ አልብሺው። ስትለውሺ ጓንት አድርጊ። መስኮትም ክፈቺ። ልኩ እንዲህ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚወዱት መጠን አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው፣ ስለዚህ 180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የተራ ሰው ቁመት የጭንቅላቱ ሰባት ተኩል ያህል እጥፍ ነው፤ ጀግና እንዲመስል ስምንት አድርጊው። የመጀመሪያው ያስቃል። የኔ የመጀመሪያ አንገት አልነበረውም።

*«አክስቴ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ መደርደሪያዬን አይቶ ያለቅሳል። እናቴ ‹ስጠው እንጂ፣ ሕፃን አይደል!› ትላለች። እስካሁን ሦስት ሄደውብኛል።»*

ወዳጄ፣ ይህን ያልቀመሰ ሰብሳቢ የለም። እናትህን ለመከራከር አትሞክር፤ እንግዳ ፊት አትረታም። መደርደሪያህን መስታወት አልብሰው፣ ቁልፉንም «ጠፋ» በል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ የእንግዳ ካርቶን አስቀምጥ፤ ውስጡ ትልልቅ፣ የማይሰበሩ፣ ትንንሽ ክፍል የማይወልቃቸው አሻንጉሊቶች ይሁኑ። አክስትህ ጫማዋን ሳታወልቅ ካርቶኑን ይዘህ ውጣና ልጁን ራስህ አስመርጠው። እኔ እንዲህ ካደረግሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው እሁድ የመጣው ልጅ ካርቶኑን አገላብጦ አገላብጦ፣ ምንም ሳያነሳ፣ በጣቱ ወደ መስታወቱ እያመለከተ «አንገት የሌለውን» አለኝ።