ከአየር ጤና ትመላለስ ወይስ ቱሉ ዲምቱ ዶርም ትግባ?

ጥያቄዎን ላላዩ የግሩፑ አባላት ባጭሩ ልድገመው። ልጅዎ የመግቢያ ፈተናውን አልፋ ቱሉ ዲምቱ ያለው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቤታችሁ አየር ጤና ነው። ዶርም ትግባ ወይስ እየተመላለሰች ትማር ነው ጥያቄው። ደግሞም «ሁሉም ሳይንስ የሚማሩ ልጆች አብረው ውለው አብረው ሲያድሩ ልጄ ከዚያ ውጪ ዓለም ያለ አይመስላትም ወይ?» ብለዋል። ወንድምዎም ውጭ አገር የአንድ ዘርፍ ተማሪዎችን አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚያኖሩ ኮሌጆች እንዳሉ ነግረውዎታል።

እናቴ፣ እኔ ዶርም ትግባ ነው የምለው። ምክንያቱ ግን ይረዝማል፣ ቡናዎን ይዘው ያንብቡት።

እዚያው ግቢ የገባሁት በ2012 ነው። ፍሬሽማን የሚባለው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ፕሮግራም ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ የተጀመረበት ዓመት ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ተላክን። ስለዚህ ያንን ዓመት ከፊሉን ዶርም ሆኜ፣ ከፊሉን እናቴ ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እንጨርስ። ከአየር ጤና በጀሞ፣ በለቡ፣ በሃይሌ ጋርመንት አድርጋ ቃሊቲ ትደርሳለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ባቡሩም ቢሆን ቃሊቲ ላይ ነው የሚያበቃው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ካላት ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት አለባት። «የአዳማው የፍጥነት መንገድ እኮ እዚያው ነው» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ መነሻው ቱሉ ዲምቱ ነው። ግን ወደ አዳማ ለሚሄድ እንጂ ከአየር ጤና ለሚመጣ ምን ይረባዋል? ማታ ስትመለስ ደግሞ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋች ነው። ቤት ገብታ ራት እስክትበላ ቀኑ አለቀ። መቼ ታጥና?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወንድምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላይመን ብሪግስ የሚባል የሳይንስ ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የተቋቋመው። ተማሪዎቹ ሆልምስ ሆል የሚባል ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ። መማሪያ ክፍሉ፣ ቤተ ሙከራው፣ የመምህራኑ ቢሮ ሳይቀር እዚያው ነው። ከሳይንሱ ጎን ግን የሳይንስን ታሪክና ፍልስፍና ይማራሉ። የል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ተማሪዎቹን በየኮሌጁ ከፋፍሎ ያኖራል፣ ግን በትምህርት ዘርፍ አይለያቸውም። ሆን ብሎ ያደባልቃቸዋል።

የእኛው ግቢ ከሁለቱም አለበት። ትምህርቱ አንድ ነው፣ ሁሉም ወይ ኢንጂነሪንግ ወይ አፕላይድ ሳይንስ ነው። ሰዉ ግን ከየአገሩ ነው። ለዚህ ነው የእርስዎ ስጋት ብዙም ያላስጨነቀኝ። እኔ የነበርኩበት ዶርም ውስጥ ከሮቤ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከአርባ ምንጭ የመጡ ልጆች ነበሩ። እኔ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ስለነበርኩ እንግሊዝኛው አይከብደኝም። የማርቆሷ ልጅ ግን ሒሳብ ላይ ሁላችንንም ታስከነዳን ነበር። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ተናግሮ ያልገባኝን ሊሚት፣ ማታ አልጋ ላይ ተቀምጣ በማርቆስ አማርኛዋ ስታስረዳኝ ወዲያው ገባኝ። ሮቤዋ ከቤት ጭኮ ይዛ ስትመጣ ዶርሙ ይሰበሰባል፣ ወሬው ሄዶ ሄዶ ፊዚክስ ላይ ያርፋል። ማንም «ኑ እናጥና» አላለም።

ኮርሱም ሁሉ ሳይንስ አይደለም። ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ አለ፣ ሳይኮሎጂ አለ፣ አንትሮፖሎጂ አለ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አለ። ብዙ የኢንጂነሪንግ ልጅ «ይሄ ምን ያደርግልናል» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ግን ዶርም ውስጥ በጣም የሳቅነው በእነዚህ ኮርሶች ምክንያት ነው። ሎጂክ ከጀመርን በኋላ በሰላም መከራከር ቀረ። አንዷ «መብራት አጥፉ፣ ልተኛ» ካለች ሌላዋ «ፋላሲ ነው!» (የተሳሳተ ክርክር ነው) ትላለች። አንትሮፖሎጂ ላይ ስለ ጋብቻ ዓይነት ስንማር ደግሞ መጽሐፉን ትተን እርስ በርስ መጠየቅ ጀመርን። በእናንተ አገር ሽማግሌ እንዴት ይላካል? ጥሎሹስ? ከቤቷ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ኮርሱን ታልፋለች፣ ይሄኛውን ግን አታገኘውም።

ቤት የተማርኩበትን ጊዜ ልንገርዎት። ምግቡ የእናቴ ነው፣ የራሴ ጠረጴዛ አለኝ፣ ፀጥታ አለ። ማንበቢያው ሁሉ በቴሌግራም ይላካል። ሆኖም መጽሐፍ ከፍቼ እውላለሁ እንጂ አይገባኝም። እንግዳ ይመጣል፣ ቡና አፍይ ይባላል። አንድ ጥያቄ ላይ ከተያዝኩ ተያዝኩ ነው። ዶርም ውስጥ እኮ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በዚያው ጥያቄ የተያዘች ሌላ ልጅ አለች። ሁለታችሁም አለማወቃችሁ ራሱ ያበረታል። የእኔ እንኳን ይሻላል፣ ከጓደኞቼ መሃል ኔትወርክ የሌለበት የገቡ ነበሩ። በ2013 ስንመለስ ዶርም ገብቼ ፍራሼን ሳነጥፍ የተሰማኝ ደስታ ይገርማል።

አሁን መጥፎውን ልናገር። ሁሉም አንድ ነገር የሚማርበት ቦታ ችግሩ እርስዎ ያሰቡት አይደለም። ሁለት ሌላ ነገር ነው።

አንደኛው ደረጃ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ይሄና የአዳማው ናቸው፣ የሚቀበሉትም በራሳቸው ፈተና ነው። ስለዚህ እዚያ ዶርም ውስጥ ያለችው ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤቷ ጎበዝ የተባለች ናት። የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ውጤት ሲለጠፍ ግማሹ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መካከለኛ ይሆናል። ያን ቀን ልጅዎ ስትደውል ድምጿ ከተቀየረ «ስንተኛ ወጣሽ?» አይበሏት። ዩኒቨርሲቲ ስንተኛ የሚባል ነገር የለም። «በላሽ?» ብለው ይጠይቁ፣ ሌላውን እሷው ታወራለች።

ሁለተኛው ይብሳል፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ነው። ምደባው በፍላጎትና በውጤት ነው። ሁሉም አንድ ላይ ስለሚኖር ወሬ በአንድ ሌሊት ፎቁን ሁሉ ያዳርሳል። አንድ ሲኒየር «ሲቪል ሥራ የለውም» ካለ አለቀ። በነጋታው ሲቪል ስትል የነበረች ልጅ ሁሉ «ሶፍትዌር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ትላለች። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምራ ኬሚካል ስትል የኖረች ጓደኛዬ ኮድ መጻፍ እንደምትጠላ እያወቀች ፎርሙ ላይ ሶፍትዌር አንደኛ አድርጋ ሞላች። እኔ ኬሚካል ነው የገባሁት፣ አልጸጸተኝም። ልጅዎ ፎርም ከመሙላቷ በፊት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋ ታናግር። ከአንድ ዲፓርትመንት ብቻ አይሁን። ላቦራቶሪ ካስገቧት ገብታ ትይ። የዶርም ወሬ ለሳቅ ጥሩ ነው፣ ለፎርም አይሆንም።

የቀረው ቀላል ነው። ካፌ፣ ማለትም ከግቢው ምግብ ቤት እየበላች ትጀምር። ኖን ካፌ መሆን፣ ማለትም ምግቧን ራሷ መቻል ከፈለገች ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ታስብበት፣ ምን ልብላ እያሉ መዞር ጊዜ ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቅዳሜና እሁድ ቤት ባትመጣ ጥሩ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናቴም አልቅሳብኛለች። ግን ጓደኝነቱ የሚያዘው ያኔ ነው። ዓርብ ዓርብ ሻንጣ የምትይዝ ልጅ ሰኞ ስትመለስ ሌሎቹ አብረው ያሳለፉትን ሲያወሩ ዝም ብላ ትሰማለች። ልብሷንም እዚያው ትጠብ።

ስለ ዕቃ፦ ወፍራም ብርድ ልብስ ይላኩላት። ሜዳ ስለሆነ ነፋስ አለ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አቧራውም ቀላል አይደለም። ዝናብ ሲጥል አካባቢው መረሬ (ጥቁር ጭቃ) ነው፣ ነጭ ጫማ አይግዙላት። ጠንካራ የሎከር ቁልፍ፣ ዲቫይደር (የመብራት ማከፋፈያ)፣ የጆሮ ማዳመጫ። ጄሪካንም ትያዝ፣ ውሃ የሚጠፋበት ቀን የትም ግቢ አለ። በሶና ዳቦ ቆሎ ለራሷ ብቻ አስበው አይላኩ፣ ለዶርሙ ሁሉ አድርገው ይላኩ። እንቅልፏ ቀላል ከሆነ ደግሞ የዓይን መሸፈኛ ያስፈልጋታል፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትቸክል አንዲት ልጅ በየዶርሙ አትጠፋም።

ዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ እዚሁ ይጻፉልኝ። ኬሚካል ካሰበች እኔ አወራታለሁ፣ ኤሌክትሪካልና ሲቪል የጨረሱ ጓደኞቼንም አገናኛታለሁ።