ስፔሻሊስት ከማየት በፊት፦ ስለ ጉበት ምርመራ ውጤት ጥያቄና መልስ

መላሹ በደብረ ብርሃን የሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ጉበትህ ትንሽ ጨምሯል ተባልኩ፤ ያሰጋኛል?

መልስ፦ የጨመረው በደምዎ ውስጥ የተለካ አንድ ነገር ነው። የትኛው ነው? ስንት ሆነ? ላቦራቶሪው ከጎኑ የጻፈው መደበኛ ወሰንስ ስንት ነው? ያለ ወሰኑ ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ኤስጂኦቲ 96፣ ኤስጂፒቲ 41 ሆነ፤ የሁለቱም ከፍተኛ ወሰን 40 ነው። በመስኖ እርሻ እሠራለሁ፤ አረቄም አልፎ አልፎ እቀምሳለሁ።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲሟላ መልስ ያገኛል። ሁለቱም ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤስጂፒቲ በብዛት የሚገኘው በጉበት ሴል ውስጥ ሲሆን ኤስጂኦቲ ግን በጡንቻ፣ በልብና በቀይ የደም ሴልም አለ። ስለዚህ ኤስጂኦቲ ኤስጂፒቲን ከሁለት እጥፍ በላይ ሲበልጥ ቀድመን የምንጠረጥረው አልኮልን ቢሆንም፣ በዋዜማው ከባድ የጉልበት ሥራ ሠርተው ከነበረ ጡንቻም ሊያመጣው ስለሚችል ለጥቂት ቀናት አርፈው፣ አረቄውንም ትተው ምርመራውን ይድገሙ። ከመስኖ ውኃ የማይለይ ሰው ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዚያን (ከውኃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣውን በሽታ) ሊዘነጋ አይገባም፤ የትሉ እንቁላል በጉበት ውስጥ ባሉ የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ እየፈጠረ ጣፊያን እስከ ማሳበጥ ሲደርስ እንኳ ኤስጂፒቲ ከወሰኑ ላያልፍ ይችላል። የሰገራ ምርመራና አልትራሳውንድ ይጠይቁ።

ተሳታፊ፦ አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን አረቄ ጠጥተው እርጅና ላይ ደርሰዋል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ያልደረሱትን ማን ቆጠራቸው? ደግሞ ጠላንና አረቄን አንድ አናድርግ።

መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ በሁዳዴ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ቢሊሩቢን 1.9 ተገኘ፤ ወሰኑ 1.2 ነው። የቀሩት ሁሉ ደህና ናቸው።

መልስ፦ ቢሊሩቢን ቀይ የደም ሴል ሲሰባበር የሚወጣ ቢጫ ቀለም ነው፤ ዳይሬክት (በጉበት የተቀነባበረው) እና ኢንዳይሬክት (ገና ያልተቀነባበረው) ተለይቶ ይለካ። የጨመረው ኢንዳይሬክቱ ብቻ ከሆነና በደም ቆጠራ የቀይ ደም ሴል መሰባበር ምልክት ካልታየ፣ ጊልበርት የሚባለው በዘር የሚወረስ ጉዳት የሌለው ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ ሲቀንስ ስለሚጎላ በጾም ወራት መታየቱ አያስደንቅም። ከፋሲካ በኋላ ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ለወፍ በሽታ ሥር እየጠጣሁ ነው፤ ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። የጠጡትን ለሐኪሙ አይደብቁ።

ጥያቄ፦ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ሳለሁ ኤስጂፒቲ ጨመረ፤ ላቁመው?

መልስ፦ ወሰኑን አሁንም አልጻፉም! ሐኪሞች መድኃኒቱን የሚያቆሙት ምልክት ካለ ከከፍተኛው ወሰን 3 እጥፍ፣ ምልክት ከሌለ 5 እጥፍ ሲያልፍ ነው፤ ውሳኔው የእርስዎ አይደለም። ሆኖም ካስመለሰዎ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ቀጣዩን ከመዋጥዎ በፊት ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይድረሱ።

ጥያቄ፦ የእኔም ትንሽ ጨምሯል።

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብኝ፤ ኤስጂፒቲ ግን 28 ነው። ስፔሻሊስቱን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ኤስጂፒቲ የሚናገረው ሴሎች አሁን መጎዳታቸውን እንጂ የጉበትን አቅም ወይም የቆየ ጠባሳን አይደለም፤ አቅሙን አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን) እና የደም መርጋት ምርመራ የተሻለ ይናገራሉ። የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሴሎች) ቁጥር ያለበትን የደም ቆጠራ፣ የቫይረስ መጠን ምርመራና የቀድሞ ወረቀቶችዎን ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የቤተሰብዎም አባላት ይመርመሩ።