ኮንቬየር መርከቡም ውስጥ አለ

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አገር ቤት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አሁን ሚኒያፖሊስ ዌርሃውስ ውስጥ ኮንቬየር (ዕቃ የሚያጓጉዝ ቀበቶ) እጠግናለሁ። ሱፐሪየር ሐይቅ ዳር ባለችው ዱሉት ከተማ በድልድዩ ስር የሚያልፈውን ግዙፍ የጭነት መርከብ ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ሚሺጋን ያለው፣ የመርከብ መኮንኖችን የሚያሠለጥነው የግሬት ሌክስ የባሕር አካዳሚ ልመዝገብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ተው። በአሜሪካ ባንዲራ በሚሄድ መርከብ ላይ መኮንን ለመሆን ዜግነት ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ግን በተራ ሠራተኛነት መቀጠር ይችላል፤ ሕጉ ከተራ ሠራተኞቹ እስከ ሩብ ያህሉን ይፈቅዳል። ዜግነቱን የምትጠብቅበትን ጊዜ መርከብ ላይ ብታሳልፈው ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሠራህባቸው ቀናት በኋላ ለማዕረግ ይቆጠሩልሃል።

ደግሞም ሙያህ እዚያ ይፈለጋል። እነዚህ የሐይቅ የጭነት መርከቦች ለማራገፍ የወደብ ክሬን አይጠብቁም። የጭነት ክፍሉ ወፍጮ ቤት እህል እንደሚጨመርበት ሣጥን ወደ ታች ይጠብባል። ከስሩ በሮች አሉ፤ ከበሮቹ ስር ባለው ዋሻ ደግሞ ረጅም ቀበቶ ይሮጣል። በሩ ሲከፈት የብረት ማዕድኑ ቀበቶው ላይ ይወርዳል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ጎን በሚዞር ረጅም ክንድ የብስ ላይ ይከመራል። ትልቁ፣ ፖል አር. ትረገርታ፣ 309 ሜትር ይረዝማል፤ እሱንም የራሱ ሠራተኞች በሰዓታት ውስጥ ያራግፉታል። በሮቹን የሚከፍተው ጌትማን በቅደም ተከተል ካልከፈታቸው ክብደቱ አንድ ወገን ይበዛና መርከቡ ሊጎዳ ይችላል። ቀበቶውን የሚይዘው ኮንቬየርማን ነው። ዓይንህን እዚያ ሥራ ላይ ጣል።

መጀመሪያ ግን የሚሰጡህ አካፋ ነው፤ ከቀበቶው የፈሰሰውን ማዕድን እዚያ ዋሻ ውስጥ ትዝቃለህ። ዲግሪህን የሚጠይቅህ የለም።

ሁለት ወር መርከብ ላይ፣ አንድ ወር ቤት መሆን የተለመደ ነው፤ ትዳር ካለህ ከወዲሁ ተመካከሩበት። (የምትጾም ከሆነ ከወጥ ቤቱም ጋር!) የሱ ሎክስ የመርከብ መተላለፊያ ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 25 ስለሚዘጋ ብዙው መርከብ ታስሮ ይከርማል። ትልልቁ ጥገና የሚሠራው ያኔ ስለሆነ ላንተ መጥፎ ወቅት አይደለም።

ዌርሃውሱን ሳትለቅ ቲዊክ የተባለውን የወደብ መግቢያ ካርድና የኮስት ጋርድን (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) የባሕረኛ መታወቂያ አመልክት። የጤናና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አለበት፣ ጊዜም ይወስዳል፤ መርከቦቹ ደግሞ በማርች ሠራተኛ ሲያሟሉ ወረቀቱ እጅህ ላይ መሆን አለበት።