ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፤ ውሻ ላሳድግ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የደመወዝተኛ ደብዳቤዎች ናቸው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ውሻ ወይም ድመት ማሳደግ አምሮታል፤ ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። 26 ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጠዋት 1፡30 ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት እገባለሁ። ባዶ ቤት መግባት ሰልችቶኛል። የሥራ ባልደረባዬ ውሻዋ ስለወለደችላት የሁለት ወር ቡችላ ልስጥሽ አለችኝ። ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቡችላውን አትውሰጂ። ውሻ አታሳድጊ ማለቴ ግን አይደለም።

የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት አለበት። ከእናቱ የተለየውም ገና አሁን ነው። ቆልፈሽበት ስትወጪ ያለቅሳል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ምንጣፉ ላይ ይሸናል፣ ጫማሽን ያኝካል። ማታ ደክሞሽ ስትገቢ የሚጠብቅሽ ይህ ነው። ትቆጪዋለሽ። እሱ ደግሞ ጠዋት ላኘከው ጫማ መሆኑን አያውቅም፤ ቁጣውን የሚያያይዘው ከአንቺ መምጣት ጋር ነው። ብዙም ሳይቆይ የበሩን ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚደበቅ ውሻ ይሆንብሻል።

ሌላው ዕድሜው ነው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ያየውን ሁሉ ይለምዳል። ሰው፣ ሕፃን፣ ባጃጅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ያኔ ከለመደ ሲያድግ አይደነግጥም። ያንን ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ካሳለፈው ግን ሲያድግ ሁሉን ይፈራል። ከፍርሃቱ ብዛትም ይናከሳል። በኋላ ማስተካከሉ በጣም ከባድ ነው።

ለአንቺ የሚሆነው ያደገ ውሻ ነው። ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጠባዩ የታወቀ፣ የተከተበ። ሴት ብትሆን ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ትወልዳለች ተብሎ ሴቶቹን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይቀራሉ። እንዳትወልድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና መኖሩን የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ። ያደገ ጤነኛ ውሻ ጠዋት ተንቀሳቅሶና በልቶ ከሆነ ስድስት ሰዓት ያህል ተኝቶ ይውላል። የአንቺ ቀን ግን አሥር ሰዓት ተኩል ነው። መሐሉ ላይ አንድ ሰው በሩን ሊከፍትለት ይገባል። ደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ አይደለችም፤ በባጃጅ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል። የምሳ ተራሽ ካልበቃሽ ግቢው ውስጥ የሚውል ሰው ፈልጊ። ያ ሰው ውሻው ከመምጣቱ በፊት እሺ ይበልሽ። አከራይሽም እንደዚሁ።

ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። በዚያ መሐል ዝውውር አለ፣ ትዳር አለ፣ ኪራይ ይጨምራል፣ ቤት ይቀየራል። የደመወዝተኛ ውሻ ሜዳ ላይ የሚቀረው ሰው ስለሚከፋበት አይመስለኝም። የዝውውር ደብዳቤው ሲመጣ ውሻው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ያሰበ ስለሌለ ነው። ዛሬ አስቢው። መልስ ካገኘሽለት ውሰጂ። ካላገኘሽለት ቅዳሜና እሁድ የባልደረባሽን ውሻ እያወጣሽ አንሸራሽሪ፤ እሷም ታመሰግንሻለች። የአንቺ ብቸኝነት ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ለቡችላው መተላለፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሁለት ቡችላ አንድ ላይ ባመጣስ? እርስ በርሳቸው እየተጫወቱ ይውላሉ። (ከዳንግላ)

መልስ፦ አይሆንም። ሁለቱም ይርባቸዋል፣ ሁለቱም ይሸናሉ፣ እርስዎን ትተው እርስ በርስ ይለማመዳሉ። አንዱን በወጉ ያሳድጉና ሁለተኛውን ያኔ እንነጋገርበታለን።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቀን ቤት የለሁም። ውሻ እንደማይሆነኝ ገብቶኛል፤ ድመትስ? ጿሚ ስለሆንኩ በጾም ወቅት ቤቴ ሥጋ አይበስልም።

መልስ፦ ድመት ይሆንልዎታል። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። በደንብ የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው፤ ያኔ ደግሞ እርስዎም ቤት ነዎት። በሰፊ ሳፋ አሸዋ ያድርጉላትና በየቀኑ ያጽዱ። መስኮቱና በረንዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ያስመቱ። ድመት በእግሯ ነው የምታርፈው ብለው እንዳይዘናጉ፤ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀች ድመት ትሰበራለች።

ስለ ጾሙ፣ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? አመል ብቻም አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ድመት ያለ ሥጋ ወይም ያለ አሳ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የምታገኘው ከዚያ ነው፤ ሲጎድላት ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧም ይደክማል። በሑዳዴ 55ቱን ቀን በሽሮ ፍትፍት ልትከርም አትችልም። የሚጾሙት እርስዎ ነዎት። ደግነቱ ጣና ዳር ነው ያሉት፤ ከአሳ ሻጮች ጭንቅላቱንና ትርፍራፊውን ይጠይቁ። ቀቅለው፣ አጥንቱን ለቅመው ይስጧት። ጨው፣ በርበሬ፣ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አይግባበት፤ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል። ወተቱንም ይተዉት፤ ያደጉ ድመቶችን ብዙ ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ለውሻ ቸኮሌት ይሰጣል?

መልስ፦ አይሰጥም። መርዝ ይሆንበታል፤ ዘቢብም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሰባት ዓመቱ ልጃችን ቡችላ ካላመጣችሁልኝ ብሎ አስጨንቆናል። «እኔ እንከባከበዋለሁ» ይላል። ኃላፊነት ይማርበታል ብለን ነበር።

መልስ፦ የሰባት ዓመት ልጅ ቃሉን የሚጠብቀው ለሁለት ሳምንት ነው። አይፈረድበትም፤ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንቺና ባለቤትሽ ላይ ይወድቃል፤ አንቺ አዳር ተረኛ ሆነሽ በገባሽበት ጠዋት ጭምር። እናንተ ራሳችሁ ውሻ ካልፈለጋችሁ ለልጁ ብላችሁ አታምጡ። ከፈለጋችሁ ግን ልጁ ውሃውን ይቅዳ፣ እናንተ መሞላቱን እዩ፤ የሚማረው እናንተን እያየ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ አለች? ካለች ቀኑን ሙሉ ውሻውን የምትመግበው፣ የሚያበላሸውን የምትጠርገው እሷ ናት። በብዙ ቤት ባል ይጠየቃል፣ ልጅ ይጠየቃል፣ እሷን የሚጠይቃት የለም። ውሻ ትፈራ ይሆናል። ጠይቂያት፤ እሺ ካለችም ሥራ ጨምራችሁባታልና ደመወዟንም ጨምሩላት።

ጥያቄ፦ ቢቸና መምህር ነኝ፤ ባለቤቴም ታስተምራለች። ሌባ ስላስቸገረን ውሻ አሳደግን። ቀን ሰው ስለሌለ እናስረዋለን፣ ማታ እንፈታዋለን። ሦስት ዓመቱ ነው። ባየው ሰው ሁሉ ላይ ይጮኻል፤ በቀደም የጎረቤት ልጅ ለትንሽ ነው የተረፈው። ማታ ደግሞ አጥር ዘሎ ሰፈር ሲዞር ያድራል። ጎረቤቴ «ጨለማ ቤት አስረህ አውለው፣ ኃይለኛ ይሆንልሃል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ መምህር። ይህን ምክር ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል።

ታስሮ የሚውል ውሻ የሚሆነው ፈሪ ነው። ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲቀርበው ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል። ሰንሰለቱ መሸሹን ከለከለው፤ የቀረው መናከሱ ነው። ልጅ ደግሞ ሰንሰለቱ እስከየት እንደሚደርስ አይለካም። ኳሱ ግቢ ሲገባበት ተከትሎት ይገባል። ለጥበቃም ቢሆን አይጠቅምዎትም። ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሚጮኽ ውሻ ሌባ ሲመጣም የሚጮኸው እንደዚያው ነው፤ እርስዎም «ዝም በል!» ብለውት ይተኛሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ቤቱን ቤቴ ያለ ውሻ ነው። የቤቱን ሰው በቅጡ ሳያውቅ ከየት ያመጣዋል?

ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጠገቡ ቁጭ ይበሉና የአንገቱን ጸጉር ገለጥ አድርገው ይዩ። ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ሥር ጸጉሩ አልቆ ቆዳው ጠንክሮ ይገኛል፤ አንዳንዴም ዝንብ የጣለበት ቁስል አለ። ከዚያ መሬቱን ይዩ። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ክብ ሆኖ ሣሩ አልቋል። የሚበላው፣ የሚተኛው፣ የሚጸዳዳው እዚያችው ላይ ነው። ጠዋት ሞልተውለት የሄዱትን የውሃ ጣሳ ሰንሰለቱ ገልብጦት ይሆናል። ከዚያ በኋላ እናንተ እስክትመለሱ ውሃ የለም።

አጥሩን ይድፈኑ፣ የግቢውን በር ያጥብቁና ቀን ግቢ ውስጥ ይፈታ። ማታ አጥር የሚያዘልለው ቀኑን ሙሉ ታምቆ የዋለው ጉልበት ነው። አጥሩን ለማሠራት አቅም እስኪገኝ ድረስ በሁለት ምሰሶ መካከል ወፍራም ሽቦ ይወጥሩ፣ ቀለበት ያስገቡበት፣ ሰንሰለቱን ከቀለበቱ ያያይዙ። ቢያንስ ከጫፍ ጫፍ መመላለስ ይችላል። ጥላና ዝናብ የማያስገባ ማደሪያ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። የውሃ ጣሳውን አሮጌ ጎማ መሐል ይሰኩት፤ አይገለበጥም። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት አንዳችሁ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዛችሁት ዙሩ። ቀስ በቀስ ሰው ይለምዳል።

ግማሽ ሰዓቱ ከየትም አይገኝም የሚሉኝ ከሆነ ውሻውን ቀን ሰው ለሚውልበት ቤት ይስጡት። ለሌባው ጠንካራ ቁልፍና የደጅ መብራት ይግዙ። ቁልፍ አይርበውም፣ ብቻውን ቢውልም ግድ የለውም።

ስለ ልጁም ያስቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ አምልጦ ያደረሰው ቢሆንም እንኳ። ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ይንገርዎት።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስመለስ የራሴው ቡችላ በደስታ ዘሎ ሲጫወት እጄን ነከሰኝ፣ ትንሽ ደም ወጣ። አልተከተበም፤ ቀን በር ክፍት ስለሆነ የሰፈር ውሻ ይገባል። ልጠብቅ ወይስ የባህል መድኃኒት ልውሰድ? ከሥራም ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። (ከሞጣ)

መልስ፦ ለጻፉልኝ ሰው ደብዳቤው በደረሰኝ ዕለት መልሼላቸዋለሁ። ለሌሎቻችሁ ስል እደግመዋለሁ፤ እባካችሁ አንብባችሁ አትለፉት።

ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ነገ አይባልም፣ ቅዳሜ አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይመጣ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ቡችላ ነው፣ የራሴ ነው፣ እየተጫወተ ነው የሚባል ነገር የለም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለብቻው ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። ክትባቱን ለመጀመር ግን አሥሩን ቀን አትጠብቁ። ይቁም አይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ጠበል የምትጠጡ ጠጡ፤ ክትባቱንም ውሰዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ፈቃድ አልሰጥም የሚል አለቃ ካለ ይህን መልስ አሳዩት።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ። አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። የመስቀል ማግስት ስለሆነ አይረሳም፤ ለዓመታዊው ክትባት ማስታወሻ አድርጉት።

ጥያቄ፦ እናቴ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም ብላ ድርቅ አለች። ምን ብዬ ላሳምናት?

መልስ፦ ቤቱ የእናትዎ ነው፤ አያስጨንቋት። በረንዳው ላይ ነፋስ የማይገባው ደረቅ ማደሪያ ይሥሩለት። እሷ ቀን ቤት የምትውል ከሆነ ውሻው ዕድለኛ ነው። ቡናዋን ስታፈላ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ይውላል።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነን፤ ባልም ሚስትም ሠራተኞች። ውሻውንም ድመቱንም ተውነው። ዶሮስ?

መልስ፦ ግሩም ሐሳብ ነው። ሦስት አራት ሆነው ከዋሉ ሰው አይናፍቃቸውም። ጠዋት ውሃና ጥሬ ስጧቸው፣ ሳይመሽ ዝጉባቸው። ከሁለት አንዳችሁ ከመምሸቱ በፊት መግባት ካልቻላችሁ ግን አደራ የምትሰጡት ጎረቤት ያስፈልጋችኋል፤ ሽለምጥማጥ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ አንዲትም ሳያስቀር ይፈጃቸዋል።

ጥያቄ፦ ለበዓል በግ ስናርድ የሆድ ዕቃውን ለውሻው እንጥልለታለን። ቀን ብቻውን ስለሚውል ቢያንስ በበዓል ይደሰት ብለን ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ነገር ካያችሁ የትል ዕጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻውን ዳስሳ እጇን ሳትታጠብ የበላች ልጅ ጉበቷ ውስጥ ያው ፊኛ ሊበቅልባት ይችላል። ፊኛ ያለበትን ክፍል ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ንጹሑን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡት። የሆድ ትል መድኃኒቱን በየስንት ጊዜው እንደሚወስድ የወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ይነግራችኋል።