የቆዳ ሊምፎማ ያለበት ሰው ሌላ የቆዳ ካንሰርም ይይዘዋል?

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ማይኮሲስ ፈንጎይድስ የሚባለው የቆዳ ሊምፎማ (ቆዳ ላይ የሚታይ የነጭ የደም ሕዋስ ካንሰር) ከተገኘባት ቆይቷል። ክኒን እየዋጠች የብርሃን ሕክምና ለረጅም ጊዜ ወስዳለች፤ አሁን የስቴሮይድ ቅባት ትቀባለች። ሰሞኑን ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። እሷ «እሾህ ወግቶኝ ነው» ትላለች። ሕመሙ ተዛምቶ ነው ወይስ ሌላ ካንሰር? የብርሃን ሕክምናው ያመጣው ይሆን?
ልጇ፣ ከጅማ

መልስ፦ ሳትውሉ ሳታድሩ እግሯን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቆዳ ክፍል አሳዩ። ሊምፎማው በአብዛኛው የሚወጣው ልብስ በሚሸፍነው ገላ፣ በመቀመጫ፣ በጭንና በጎን ላይ ሲሆን ጠፍጣፋና ቅርፊታም ነው፤ ያሳክካል። ውስጥ እግር ላይ ለብቻው የተቀመጠ ጥቁር ነጥብ ጠባዩ አይደለም። ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሰጪ ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር) ግን በጥቁር ቆዳ ላይ ሲነሳ የሚያዘወትረው ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና የጥፍር ሥርን ነው፤ ፀሐይም አያስፈልገውም። የእሾህ የደም ምልክት ከሆነ በሳምንታት ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል፤ ሜላኖማ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይዛነፋል። ያም ሆኖ ለመለየት ብላችሁ ቤት አትጠብቁ።

የቆዳ ሊምፎማ ታማሚዎች ላይ ሁለተኛ ካንሰር በዛ ብሎ ይታያል። አንዱ ምክንያት ሕመሙ የቆዳን መከላከያ ማዳከሙ ነው። ሌላው ሕክምናው ነው፦ ቆዳ ብርሃኑን ይበልጥ እንዲቀበል የሚያደርገው ሶራሌን ክኒን ተውጦ የሚሰጠው ብርሃን የሕዋሱን ዘረመል ይነካል፤ ጉዳቱም በየክፍለ ጊዜው ይጠራቀማል። በተለይ የሚያሰጋው ስኳመስ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሲሆን በዕድሜ ዘመን የተወሰደው ሕክምና ወደ 200 ጊዜ ሲጠጋ ሐኪሞች መቀጠሉን እንደገና ያጤኑታል። ክኒን የማይፈልገው፣ 311 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት የሚጠቀመው ጠባብ የአልትራቫዮሌት ብርሃን በዚህ ረገድ በጣም ይሻላል። እነዚህ ታማሚዎች ቆዳቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚታይ ብዙ ነገር የሚገኝባቸው መሆኑም አይረሳ። ጥቁር ቆዳ ከብርሃኑ ጉዳት የተሻለ ጥበቃ አለው። ስለዚህ የእናትዎን ሕክምና በፍርሃት አታቋርጡ፤ ስንት ጊዜ እንደወሰደች ግን ከካርዷ አስቆጥራችሁ ያዙ።

በየወሩ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ሙሉ ገላዋን እዩ። ውስጥ እግርና ጥፍር የሚታየው ሂና ከመቀባቷ በፊት ነው፤ የሂናው ቀለም ጥቁር መስመርን ይደብቃል። የድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ካላት፣ በባህል መድኃኒት የተተኮሰውንም ጨምሮ፣ ጠርዙን ዳስሱ፦ ከጠጠረ፣ ከደማ ወይም በ4 ሳምንት ካልሻረ ይመርመር። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሟ ንገሩ፤ ቆዳን ለብርሃን ያስቆጣል፣ ከስኳመስ ካንሰር ጋርም ይያያዛል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ለምርመራ ከቆዳ በሚቆረጠው ናሙና ላይ ነው። ከሊምፎማው ቦታ የሚወሰድ ከሆነ የስቴሮይድ ቅባቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆም ሐኪሟን ጠይቁ፤ አለበለዚያ ሕዋሳቱ ተዳክመው ውጤቱ «ተራ ችፌ» ተብሎ ይመለሳል። የእግሩ ግን ቅባቱ እስኪቆም አይጠብቅም፤ ከተቻለም ከጠርዙ ተቆንጥሮ ሳይሆን ሙሉ ነጥቡ ይውጣ። የናሙናውን ዕቃ ወደ ላቦራቶሪ የምትወስዱት እናንተ ከሆናችሁ ሥጋው 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ፣ ፈሳሹም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ሁለት ቦታ ከተቆረጠ በሁለት ዕቃ ይለይ፤ ከክዳኑ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ይጻፍበት። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ሊምፎማውም የብርሃን ሕክምናውም ካልሰፈረ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም በግምት ይሠራል። የእግር ካንሰር ወደ ብሽሽት እጢ ሊዛመት ስለሚችል በዚያው ቀን የብሽሽቷ እጢም ይዳሰስ።